ቮልሷን እንደ ቀሚስ ወስውሷት፦ የዛገ የቦዲ ላሜራ በቤት ለመቀየር

የአባቴ ቮልስ በ1968 እ.ኤ.አ. የተሠራች ናት። ወደ እኔ ስትመጣ ቀለሟ መስታወት ይመስል ነበር። አንድ ቀን ጎማ ልቀይር ብዬ ክሪኩን ከበሩ ስር አስጠጋሁት። መኪናዋ አልተነሳችም። ክሪኩ ነው ወደ ላይ የገባው።

ጎንበስ ብዬ ሳይ ላሜራው እንደ ደረቀ ቅጠል ተሰባብሯል። ጣቴን ሰደድኩ። ከዝገቱ ጋር ተጨማዶ የተጠቀጠቀ ጋዜጣ ወጣ። ከጋዜጣው ላይ ስቱኮ፣ ከስቱኮው ላይ ያ መስታወት የመሰለ ቀለም። አንዱ ብልጥ ቀዳዳውን በወረቀት ጠቅጥቆ፣ አለሳልሶ፣ ቀብቶ ሸኝቶታል።

ያን ጊዜ ብየዳ የሚባል ነገር አላውቅም። ቀን ቀን የሒሳብ መዝገብ ነው የምሠራው። ዛሬ በሁለቱም በሮች ስር ያለውን ሳጥን፣ የቀኙን ወለልና ሁለት ትንንሽ ማዕዘኖችን በገዛ እጄ ቀይሬያለሁ። ባትላሜራ ነኝ አልልም። የሠራሁት ግን እስካሁን ይዟል። አንዱን ጎን ሁለት ጊዜ ነው የሠራሁት፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። ምሳሌዬ ቮልስ ትሁን እንጂ አካሄዱ ላሜራው ለተበየደ ለማንኛውም አሮጌ መኪና ይሆናል።

የቱ ነው የታመመው?

መጀመሪያ በቡሎን የታሰረውን ከተበየደው ለዩ። የቮልስ አራቱም ፓራፋንጎዎች፣ ኮፋኖዋና በሮቿ በቡሎን የታሰሩ ናቸው። እነሱ ዛጉ ብሎ እንቅልፍ ማጣት አያስፈልግም። ፈታችሁ ሌላ ታስራላችሁ። የሚያስጨንቀው የተበየደው ነው፦ ከበሩ ስር በርዝመት የሚሄደው ሳጥን፣ ወለሉ፣ የበሩ ማጠፊያ የተያዘበት ምሰሶ እግር።

የቮልስ አካል ሁለት ነው። ታች፣ መሃሉ ላይ ቱቦ የመሰለ አከርካሪ ያለው ወለል አለ። ላይ ቦዲው አለ። ቦዲው በወለሉ ዙሪያ በቡሎን ይታሰራል። ከበሩ ስር ያለው ሳጥን የቦዲው እግር ነው፤ ቡሎኖቹ የሚይዙትም እሱን ነው። ሌላም ሥራ አለው። ከሞተሩ በኩል የሚመጣው ሞቃት አየር ወደ ፊት የሚያልፈው በሆዱ ውስጥ ነው። ሳጥኑ ሲበሰብስ ታዲያ መኪናዋ ሙቀት ብቻ አይደለም የምታጣው። ቦዲው ወለሉን ይለቃል፣ በሩም ይወርዳል።

ወለሉ ላይ ዋናው ተጠርጣሪ ከኋላ ወንበር ስር፣ በቀኝ በኩል ነው። ባትሪው የሚቀመጠው እዚያ ነው። አሲዱ በትንሽ በትንሹ ሲወርድ ከስሩ ያለውን ላሜራ ይበላዋል። የእኔዋ ላይ ባትሪውን ሳነሳው መሬት ታየኝ። በነገራችን ላይ ባትሪውን መልሳችሁ ስታስቀምጡ ክዳኑን አትርሱ። የወንበሩ ሞላ የባትሪውን ጫፍ ከነካ እሳት ይነሳል፤ ቮልስ ነጂዎች የሚያውቁት አደጋ ነው።

ለምርመራ ካቻቢቴ፣ ትንሽ መዶሻና ማግኔት ይበቃል። ደህና ላሜራ ሲመታ ይጮኻል። የበሰበሰ ወይም ስቱኮ የሞላው «ድፍ» ይላል። ማግኔት ወፍራም ስቱኮ ላይ አይያዝም። ስትወጉ አትዘኑላት። ካቻቢቴው መግባት ከፈለገ ይግባ። የሚታየው ቀዳዳ ሁለት ጣት ቢሆንም በሽታው ብዙ ጊዜ አንድ ስንዝር ነው። ብየዳ የሚይዘው ደህና ብረት ላይ ብቻ ነው። የሳሳ ላሜራ ላይ ብትበይዱ ቀዳዳውን ታሰፉታላችሁ እንጂ አትደፍኑትም።

ተኪው ላሜራ እጃችሁ ሳይገባ ደግሞ ምንም አትቁረጡ። ቮልስ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ስለተመረተች ተኪ ማግኘቱ ከሌሎች አሮጌ መኪናዎች ይቀላል። ልክ የሆነ ተኪ ማግኘት ግን ሌላ ነገር ነው። ለእኔ የመጣልኝ የመጀመሪያው ሳጥን ከድሮው በአንድ ጣት ያጥር ነበር። የቡሎን ቀዳዳዎቹም ሁለቱ ቦታቸውን ስተዋል። ይህን ያወቅሁት አሮጌው ገና መኪናዋ ላይ ስለነበር ነው። ቆርጬ ጥዬው ቢሆን ኖሮ ከምን ጋር አስተያየዋለሁ? ውፍረቱንም ለኩ። የእንዲህ ያለ ቦዲ ላሜራ ከ0.8 እስከ 1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ የሳሳ ተኪ ለመበየድም ያስቸግራል፣ ዕድሜም የለውም።

ስለ መሣሪያ፣ ባጭሩ

የአጥር በር የሚበየድበት የኤሌክትሮድ ማሽን ለዚህ ሥራ አይሆንም። ቀጭን ላሜራ ሲያገኝ ያቃጥለዋል። ጎበዝ በያጅ ሊያደርገው ይችል ይሆናል፤ እኔና እናንተ ግን አይደለንም። የሚያስፈልገን ሽቦውን ራሱ እየመገበ የሚበይደው ሚግ ነው። ሽቦው 0.6 ሚሊ ሜትር ይሁን። ጋዙ አርጎን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር የተቀላቀለ ቢሆን ይመረጣል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከመቶ 20 ወይም 25 እጅ ያህል። ንጹህ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይሠራል፣ ግን ብልጭታው ይበዛል። ጋዝ የማይፈልግ፣ ዱቄቱን በሆዱ የያዘ ሽቦም አለ። እሱ ለቀጭን ላሜራ ይከብዳል። ከተጠቀማችሁበት የማሽኑን የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ ገመድ ማቀያየር እንዳለባችሁ አትርሱ።

ከዚያ ግራይንደር 1 ሚሊ ሜትር የመቁረጫ ዲስክ ያለው፣ ትራፓኖ፣ ለብየዳ ነጥብ መቅደጃ የሚሆን ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፑንታ (የትራፓኖው መብሻ ጫፍ)፣ ቀጭን ስካርፔሎ (የብረት መሮ)፣ መዶሻ። ቫይስ ግሪፕ (ይዞ የሚቆለፍ ፒንሳ) ደግሞ ስንት ይበቃል ካላችሁኝ፣ ካላችሁ በላይ ነው። እኔ በ4 ጀመርኩ፤ አሁን 14 አለኝ፤ አሁንም ያንሰኛል።

እሳቱን አትናቁት

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። የቮልስ የነዳጅ ታንክ ከፊት ኮፋኖው ስር ነው። እሱ ይውጣ፤ ባዶ ነው ብላችሁ አትተዉት። ባዶ ታንክ ውስጥ የቀረ ትነት ከሞላ ታንክ የበለጠ ያሰጋል። የነዳጅ ቱቦው መሃል ለመሃል በአከርካሪው ውስጥ እንደሚያልፍ ልብ በሉ። ጫፎቹን ድፈኑ፤ እዚያ አካባቢ ስትቀድዱም ፑንታውን አታስጠልቁ። ወንበር፣ ምንጣፍ፣ የበር ላስቲክ፣ የጣሪያ ጨርቅ፣ አጠገብ ያለ ነገር ሁሉ ይውጣ ወይም ይሸፈን። ወለሉ ላይ የተለጠፈውን ጥቁር ሬንጅ የመሰለ ነገር ፋቁ። የምትበይዱት ከላይ ሆኖ እሱ ከስር ይነድዳል።

ባትሪው ይፈታ። የብየዳውን ማሳ (ኤሌክትሪኩን ወደ ማሽኑ የሚመልሰውን ገመድ መቆንጠጫ) ከምትበይዱበት ቦታ አጠገብ፣ ተፍቆ የነጣ ብረት ላይ እሰሩት። ሩቅ ካሰራችሁት ኤሌክትሪኩ መንገዱን ሲፈልግ በማያስፈልግ ቦታ ሊያልፍ ይችላል፤ በመንኮራኩር ኩሽኔታ ጭምር።

እሳት ማጥፊያ በእጅ በሚደረስበት ቦታ ይኑር። አንድ ባልዲ ውኃና እርጥብ ጨርቅም እንዲሁ። ሥራ ስትጨርሱ ወዲያው ዘግታችሁ አትሂዱ። እኔ ሁልጊዜ የመጨረሻዋን ነጥብ ከበየድኩ በኋላ አንድ ሰዓት እቆያለሁ። እጠርጋለሁ፣ መሣሪያ እሰበስባለሁ፣ በየመሃሉ አሸታለሁ። አንድ ምሽት በምሰሶው ውስጥ የቀረች የስፖንጅ ቁራጭ ያለ ነበልባል ስትጨስ ያገኘኋት በጭሷ ሽታ ነው። ወደ ቤት ገብቼ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ስለ ሌላ ነገር እጽፈው ነበር።

ዓይንን በተመለከተ፦ ራሱ የሚጠቁር የብየዳ ጭምብል ግዙ። «ለአንድ ነጥብ ብቻ ዓይኔን ልጨፍን» አትበሉ። ብርሃኑ ሲመታችሁ አይሰማችሁም። ሌሊት ነው የሚነሳው፤ ዓይናችሁ ውስጥ አሸዋ የተነሰነሰ ይመስላችኋል። ዳር ቆሞ የሚያይ ሰውም ይጎዳል፤ ልጆችን በተለይ አርቁ።

ሁለት የጭስ ነገር ልጨምር። ዚንክ የተቀባ ላሜራ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ማታ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያስይዛል፤ ዚንኩን ከምትበይዱበት ቦታ ፋቁ፣ አየር ይኑር፣ ለብየዳ ጭስ የተሠራ መተንፈሻ አድርጉ። ሌላው የባሰ ነው። አንዳንድ የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ ክሎሪን ያለበት ኬሚካል አለው። እሱ በብየዳ ሙቀት ሲመታ ፎስጅን የሚባል ገዳይ ጋዝ ይሆናል። ብየዳ በሚነካው ነገር ላይ እንዲህ ያለ ማጽጃ በጭራሽ አትርጩ።

ከመቁረጥ በፊት፦ ለኩ፣ ደግፉ

አሁን ወደ ስህተቴ መጣን። የቀኙን ሳጥን መጀመሪያ ስቀይር በሩን ፈትቼ፣ በብርድ ልብስ ሸፍኜ፣ ግድግዳ አስደግፌው ነበር። ሥራው ሰፊ ሆነልኝ። አሮጌውን ሳጥን ሙሉውን ቆርጬ አወጣሁ። አዲሱን አስገባሁ፣ በቫይስ ግሪፕ ያዝኩት፣ ከዚያ ያለ ምንም ማመንታት በየድኩ። ሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ነጥቦቹን ቆጥሬያለሁ፤ 46 ናቸው። ብየዳው እንዴት ያምር ነበር!

በሩን አምጥቼ ስሰቅለው የኋላ ጫፉ ግማሽ ጣት ወርዶ ከምሰሶው ጋር ተጋጨ። ገፋሁት። አነሳሁት። ማጠፊያውን አላልቼ ሞከርኩ። እምቢ አለ። ሳጥኑ ሲወጣ እግር ያጣው የፊት ምሰሶ ዝንፍ ብሎ ኖሯል። እኔ ዝንፍ እንዳለ በይጄ አጸናሁት።

እናቴ ዕድሜ ልኳን ልብስ ሰፊ ናት። ድምፄን ሰምታ ወጣች።

«በሩ የት ነበር?»

«ግድግዳው ጋ።»

«ሳትለኪ ነው የሰፋሽው?»

ዝም አልኩ።

«እኔ መጀመሪያ እወሰውሳለሁ፤ ከዚያ አስለብሼ አያለሁ፤ ከዚያ ነው መኪና ላይ የማወጣው» አለችና ገባች። መኪና ስትል የስፌት መኪናዋን ነው። እኔ ግን 46ቱን ነጥብ አንድ በአንድ መልሼ ስቀድድ ዓረፍተ ነገሯ ከጆሮዬ አልወጣም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኼ ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። መኪናዋን ደልዳላ መሬት ላይ፣ በጠንካራ የብረት መደገፊያ፣ ክብደቷ በራሷ በመኪናዋ ወለል ላይ አርፎ አቁሟት። በክሪክ ብቻ በቆመች መኪና ስር በጭራሽ አትግቡ። ቦዲው ከወለሉ ጋር እንደታሰረ ይቆይ። ወለሉ ራሱ የበሰበሰ ከሆነ መጀመሪያ እሱን አድኑ፤ ምክንያቱም አዲሱ ሳጥን ቦታውን የሚያገኘው በወለሉ የቡሎን ቀዳዳዎች ነው። ወለሉ ቅርጽ መያዣ ይሆናችኋል።

ከዚያ የበሩን ክፍት ቦታ ለኩ። ወርዱን በሁለት ቦታ፣ ቁመቱን፣ ሁለቱን ሰያፎች። ሰያፎቹ ናቸው ዝንፈትን የሚያጋልጡት። ልኬቱን ወረቀት ላይ ሳይሆን በወረቀት ፕላስተር እዚያው መኪናዋ ላይ ጽፋችሁ ለጥፉ። ወረቀት ይጠፋል። በሩ ሲዘጋ በዙሪያው ያለውን ክፍተትም አሁኑኑ አስተውሉ። የእኔዋ ወደ 4 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ከላይ በኋላ በኩል ብቻ ይጠብባል።

በመጨረሻ ደግፉ። ባለ 25 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ ከፊት ምሰሶ ወደ ኋላ ምሰሶ በአግድም፣ ሌላውን በሰያፍ፣ በትንንሽ ነጥቦች በይዱ። አንድ ነገር እንዳትስቱ፦ ድጋፉን ወደ መኪናዋ ውስጠኛ ገጽ አስገብታችሁ አድርጉት። በሩ ተሰቅሎ መዘጋት መቻል አለበት። ድጋፉ በሩን ከከለከለ ግማሽ ጥቅሙ የለም። አንዱን ጎን ጨርሳችሁ ሳትዘጉ ሌላውን አትንኩ።

አሮጌውን ማውጣት

ፋብሪካው ላሜራዎቹን ያያያዛቸው በነጥብ ብየዳ ነው። ቀለሙን በሽቦ ብሩሽ ስታነሱት የምስር ፍሬ ያህል ክብ፣ ትንሽ ወደ ውስጥ የገባ ጠባሳ ታያላችሁ፤ ስፋቱ 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ነው። ካልታያችሁ የእጅ ባትሪ በጎን አብሩበት፤ ጥላው ያወጣዋል። እያንዳንዱ መሃል ላይ በሹል ብረት ምልክት ምቱ። ከዚያ በባለ 8 ፑንታ፣ በቀስታ፣ የላይኛውን ላሜራ ብቻ ቅደዱ። የታችኛው ይቀራል፤ እሱ ነው አዲሱን የሚቀበለው። ፑንታው ሁለተኛው ላሜራ ጋ ሲደርስ የሚወጣው ብናኝ ቀለሙን ይቀይራል፤ በሁለቱ መሃል ለዓመታት የተደበቀው ዝገት ቡናማ ዱቄት ሆኖ ይወጣል። እሱን ስታዩ አቁሙ።

ስካርፔሎውን በመሃል አስገብታችሁ ትንሽ ምቱ። እምቢ ካለ ያልተቀደደ ነጥብ አለ ማለት ነው። አትታገሉት፤ ፈልጉት። ሙሉውን ሳጥን በአንዴ ለማውጣትም አትሞክሩ። እኔ በግራይንደር መሃሉን ቆርጬ ከጣልኩ በኋላ የተጣበቁትን ጠርዞች አንድ በአንድ ነው የማነሳው። የተጣመመውን ጠርዝ በመዶሻ አቅኑ፣ ዝገቱን ፋቁ፣ ብረቱ ይንጣ።

መወስወስ

አዲሱን ሳጥን ከማስገባታችሁ በፊት ጠርዞቹ ላይ ባለ 7 ወይም ባለ 8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ቅደዱ፤ ፋብሪካው ነጥብ ባደረገበት ርቀት፣ ከሦስት እስከ አራት ሴንቲ ሜትር ያህል። ወደፊት ተደራርበው የሚደበቁትን ገጾች ለብየዳ የሚሆን የዚንክ ፕራይመር ቀቡ። የምትበይዱበትን ነጥብ ብቻ መልሳችሁ ፋቁ። የሳጥኑን ሆድም አሁን ቀቡት፤ ከተዘጋ በኋላ ብሩሽ አይገባም።

ሳጥኑን አስገቡ። የወለሉን ቡሎኖች በእጅ ብቻ አስገቧቸው፤ አታጥብቁ። ቫይስ ግሪፑን ደርድሩ። ልኬቱን ከፕላስተሩ ጋር አመሳክሩ። አሁን በሩን ስቀሉ። ብቻውን አይሰቀልም፤ ሰው ጥሩ። ዝጉት። ክፈቱት። በዙሪያው ያለውን ክፍተት በጣታችሁ ዳሱት። በክሪክ ትንሽ ገፋ፣ ቫይስ ግሪፕ ፈታ፣ አጠበቅ። እኔ በሁለተኛው ጊዜ ይህን ብቻ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ሠርቻለሁ። አንድም ነጥብ ሳልበይድ መሸ።

በሩ ሲስማማ 6 ነጥብ ብቻ በይዱ። ሁለት ዳር ለዳር፣ የቀሩት መሃል። እነዚህ ውስወሳ ናቸው፤ ካስፈለገ ይፈታሉ። በሩን እንደገና ዝጉት። ያው ከሆነ ቀጥሉ። ከየአምስት ስድስቱ ነጥብ በኋላ ደግሞ ዝጉት። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። 46 ነጥብ መቅደድ ይብሳል።

መስፋት

መኪናዋ ላይ ከመበየዳችሁ በፊት ከዚያው ላሜራ ሁለት ቁራጭ ላይ ተለማመዱ። ማሽኑን የምታስተካክሉት እዚያ ነው። ድምፁን ስሙ፤ ሲስተካከል ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሳያቋርጥ ሲወርድ ይመስላል። ሽቦው እጃችሁን ወደ ኋላ እየገፋ «ጧ ጧ» ካለ ሽቦው ፈጥኗል ወይም ኃይሉ አንሷል። ቀዳዳ ከተበሳ ኃይሉ በዝቷል።

በሳጥኑ ጠርዝ ላይ ለብየዳ ነጥብ የቀደዳችሁትን ቀዳዳ ስትሞሉ ከዳሩ አትጀምሩ። ሽቦውን በቀዳዳው መሃል፣ የታችኛው ላሜራ ላይ አስደግፉት። ታችኛው ሲቀልጥ አይታችሁ ወደ ዳር ዞር አድርጉት። ከአንድ እስከ ሁለት ሰከንድ ነው። ከዳር ከጀመራችሁ ላዩ የሚያምር እብጠት ይሆናል፣ ታችኛውን ግን አልያዘውም።

ማመን አያስፈልግም፣ ፈትኑት። የመለማመጃ ቁራጩን ሞርሳ ላይ ሰክታችሁ የላይኛውን በፒንሳ ጠቅልላችሁ ቅደዱት። ጥሩ ብየዳ አይለቅም። ከአንዱ ላሜራ ክብ ብረት ነቅሎ፣ ቀዳዳ ትቶ ነው የሚወጣው። የእኔ የመጀመሪያ አሥራ ሁለቱ እንደ ቁልፍ «ጠቅ» እያሉ ነው የተለቀቁት። ከላይ ስታዩአቸው ግን ሁሉም ሳንቲም ይመስሉ ነበር። ገልብጣችሁ ጀርባውንም እዩ፤ በሙቀት ሰማያዊ ሆኖ በመሃሉ ትንሽ ጎበጥ ያለ ምልክት ካለ ዘልቋል።

መኪናዋ ላይ ነጥቦቹን በተርታ አትሂዱባቸው። አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከኋላ፣ አንዱን ከመሃል። ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል፤ አንድ ቦታ ላይ ካከማቻችሁት ይጎትታል።

ተደራርቦ ሳይሆን ጫፍ ለጫፍ የሚበየድ ማስገቢያ ቁራጭ ካለባችሁ፣ የምሰሶው እግር ላይ እንደገጠመኝ፣ የቁራጩን ማዕዘኖች ክብ አድርጓቸው። በሁለቱ ላሜራ መሃል 1 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ተዉ። ከዚያ ነጥብ፤ በነጥቡና በነጥቡ መሃል ሌላ ነጥብ፤ እንደገና መሃል። በእጃችሁ መንካት እስክትችሉ እየጠበቃችሁ። መስመር ልሳብ የሚል ፈተና ይመጣል፤ አትስቡ። እኔ አንዴ አራት ጣት መስመር ሳብኩና ላሜራው እንደ ታጠበ አንገትጌ ተጨማደደ። ላሜራው ከተበሳባችሁ ጠፍጥፋችሁ ያዘጋጃችሁትን የመዳብ ቱቦ ከጀርባው ደግፉና ሙሉት። መዳብ ከብየዳው ጋር አይጣበቅም። የተጎተተውን ላሜራ ደግሞ ከጀርባው ከባድ ለስላሳ ብረት ይዛችሁ የብየዳውን መስመር በመዶሻ ቀስ እያላችሁ ስትመቱት ተለጥጦ ይመለሳል።

ድጋፉን የምታነሱት የመጨረሻው ነጥብ ከበረደ በኋላ ነው። የብየዳውን እብጠት በግራይንደር ስትቀንሱ ዙሪያውን ላሜራ አታሳሱት። ከስር የማይታየውን ለቁንጅና ብላችሁ አትፍቁ፤ ይቆይ፣ ጥንካሬ ነው።

የቀረው ፈጣን ነው። ፕራይመር ቀቡ። መጋጠሚያዎቹን የመኪና መጋጠሚያ ማሸጊያ ቀቡ፤ ተራ የቤት ሲሊኮን ብረት ያዝጋል፣ ቀለምም አይቀበልም። የውኃ መውጫ ቀዳዳዎችን እንዳትደፍኑ። ውኃ መግባቱ አይቀርም፣ መውጫ ይፈልጋል። በበሩና በምሰሶው ሆድ ውስጥ ፈሳሽ የዝገት መከላከያ ሰም ርጩ። የቮልሷ ሳጥን ውስጥ ግን፣ ሞቃት አየር በሚያልፍበት፣ ሰሙን አትርጩ። እኔ ረጨሁ። ሲሞቅ መኪናዋ በሙሉ የሻማ ፋብሪካ ሸተተች። ለዚያ ቦታ ጥሩ የደረቀ ቀለም ይበቃል።

በቦዲውና በወለሉ መሃል አዲስ ላስቲክ አስገብታችሁ ቡሎኖቹን በባለ 13 ቁልፍ አጥብቁ። ትንሽ ከተነዳች በኋላ ላስቲኩ ይጫናል፤ ያኔ እንደገና አጥብቁ።

ቀለሙን የቀባሁ ቀን መስታወቶቹን የምሸፍንበት ፈለግሁ። ቤት ውስጥ ያገኘሁት ጋዜጣ ነው። እናቴ አየችና «እሱን ውስጥ እንዳትረሺው» አለችኝ።